ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት

በአዲስ አበባ ጋራዦች ቫልቭ የሚወነጀለው ብዙውን ጊዜ የቼክ ኢንጂን መብራት በበራ ማግስት ነው። መኪናው በኮምፒውተር ይታያል፣ መሣሪያው ፒ0302 ይላል፣ ወዲያው «ቫልቭ ነው፤ ቴስታታው ይነሳ» ይባላል፤ ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ ይፈታ ማለት ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገፋኝ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ያደረሰኝ የቪትዝ ሾፌር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቢጫ መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኗታል። «ቫልቭ ተቃጥሏል ብለው ሞተሩን ፈቱት። ከፍዬ ወጣሁ፤ ሰፈር ሳልደርስ በራች። ሳያት ሆዴን ስለምትበላኝ ሸፈንኳት» አለኝ። በኋላ ሌላ መካኒክ ሲያየው የተበላሸው ለካንዴላው ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ አንድ ኮይል ነበር።

ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር በአግባቡ እየተቀጣጠለ አይደለም ከማለት አያልፍም። ኮምፒውተሩ ቫልቭ አይታየውም። የሚከታተለው የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ተራው ደርሶ ሳይገፋ ሲቀር ፍጥነቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ይህ ሲደጋገም መብራቱ ይበራል። ሥርዓቱ ሲጀመርም የታሰበው ለአየር ጥራት ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ አስገደደች፤ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ደግሞ በመላው አሜሪካ መሰኪያውም ኮዱም አንድ ዓይነት ሆነ።

ቂርቆስ አካባቢ ጠባብ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ነገሩን እንዲህ ይገልጹታል፦ «ኮድ የጎረቤት ወሬ ነው፣ ልጄ። እዚያ ቤት ጩኸት ተሰማ ይልሃል እንጂ ማን ማንን እንደመታ አይነግርህም።» እርሳቸው መጀመሪያ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር ያቀያይራሉ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። ካልዞረ ካንዴላና ኢንጀክተር ያያሉ፤ ኮምፕሬሽን የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይመጣል፤ ብዙ ቴስታታ በከንቱ የተነሳው በዚህ ሰበብ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአምራቹ መጽሐፍ ኮምፕሬሽኑን 180 ፒኤስአይ የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 135 አካባቢ ቢያሳይ አያስደንቅም። «መጽሐፉን ይዘው ሞተሩ ሞቷል ይላሉ» ይላሉ መካኒኩ፤ «አልሞተም፤ ተራራ ላይ ነው የሚተነፍሰው! ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 70 ሲሆን ያኔ ጥራኝ።»

ያን ጊዜም ቢሆን ቴስታታ አይነሳም። ፒስቶኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጥተው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይሰዳሉ፤ ከዚያ ያዳምጣሉ። አየሩ በጭስ ማውጫው ካፏጨ የጭስ ቫልቩ፣ በአየር ማስገቢያው ከወጣ የማስገቢያው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። በዘይት መሙያው ከመጣ የፒስቶኑ ፋሻ ነው፤ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ካነሳ የቴስታታው ጋስኬት ነው። የጭስ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር በመነካካት ነው። በቫልቩና በሚገፋው አካል መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ጠቦ ቫልቩ በደንብ መቀመጥ ካቃተው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ጠርዙም ይቃጠላል። ክፍተቱ በጊዜው ቢለካ ግን ብዙው ይድናል።

መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶት ነበር። ስለዚህ ያለችው ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባት፤ በስህተት የሚፈታ ሞተር ደግሞ የሾፌሩን የሳምንታት እንጀራ ይወስዳል።

ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህች መብራት ትታይ እንደሆነ፣ ጋራዦችስ ሞተር ከመፍታታቸው በፊት ልኬት በጽሑፍ እንዲሰጡ ለምን እንደማይገደዱ አንድ የሥራ ኃላፊ ጠየቅሁ። «ጥያቄህን በደብዳቤ አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ፤ መልስ የለም።

የቂርቆሱ መካኒክ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው የየሲሊንደሩን ልኬት በወረቀት ጽፈው ለባለመኪናው ይሰጣሉ። «ካላመነኝ ሌላ ጋር ወስዶ ያስለካ» ይላሉ። ወረቀቱን ይዘው ሄደው ያስለኩ ደንበኞች እንዳሉም ነግረውኛል፤ እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም።