ቦንድን ያዳነው ደም አይደለም

ቀጣዩን የጄምስ ቦንድ ፊልም ዴኒ ቪልነቭ ይመራዋል ከተባለ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቦንድን እንደገና ኮስታራ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? ፊልሙን ማጨለም? ደም ማብዛት? በ2006 የወጣውን «ካሲኖ ሮያል» ደግሜ ሳየው መልሱ እዚያ ያለ መሰለኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ «ካሲኖ ሮያል» ላይ የታየውን ለውጥ ያመጣው ኪሳራ አልነበረም። የ2002ቱ የቦንድ ፊልም «ዳይ አናዘር ዴይ» ከ430 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ችግሩ ልኩን ማለፉ ነው፤ ከዓይን የሚሰወር መኪና፣ ከበረዶ የተሠራ ቤተ መንግሥት፣ በኮምፒውተር በተፈጠረ ማዕበል ላይ የሚንሸራተት ሰላይ። በዚያው ዓመት ደግሞ «ዘ ቦርን አይደንቲቲ» መጣ። የዚህኛው ሰላይ ስሙን እንኳ አያውቅም፤ ሲጨንቀው እስክሪብቶ ይዞ ይደባደባል። ይህን ያየ ተመልካች በሚሰወረው መኪና መሳቁ አይቀርም።

የሚገርመው፣ አዲሱን ቦንድ የሠሩት አዲስ ሰዎች አይደሉም። ዳይሬክተሩ ማርቲን ካምቤል በ1995 በ«ጎልደንአይ» ከቀድሞው ቦንድ ከፒርስ ብሮስናን ጋር ያስተዋወቀን ራሱ ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ፣ ኒል ፐርቪስና ሮበርት ዌድ፣ «ዳይ አናዘር ዴይ»ንም የጻፉ ናቸው። አለቃው ኤምም ያችው ጁዲ ዴንች ናት። ዋናው ተዋናይ ግን ተቀየረ፤ ዳንኤል ክሬግ ሲመረጥ ፀጉሩ ወርቃማ ነው ተብሎ ሳይቀር ተቃውሞ ገጥሞታል። ታሪኩም የሚነሳበት ቦታ ተለወጠ። ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 ወዳሳተመው የመጀመሪያ የቦንድ ልብ ወለድ ተመለሱና ሰውየውን የመግደል ፈቃድ ገና የተሰጠው ጀማሪ አደረጉት። ጀማሪ ደግሞ ይሳሳታል፣ ይቆስላል፣ ይታለላል።

ለዚህ ሲሉ ብዙ ነገር ቀነሱ። መሣሪያ አቅራቢው ኪው የለም፤ የኤም ጸሐፊ መኒፔኒም የለችም። ማርቲኒው እንዴት ይሁን ሲባል ቦንድ ግድ እንደሌለው ይመልሳል። ያ የምናውቀው ዜማ በሙሉ ድምቀቱ የሚሰማው ፊልሙ ሲያልቅ ነው።

የጨመሩት አንድ ነገር ነው፤ መግደል ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳዩ። ቦንድ ከፖከር ጨዋታው መሃል ወጥቶ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ታግሎ ከገደለ በኋላ ደሙን ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ወደ ፖከር ጠረጴዛው ይመለሳል። ሁሉን ያየችው የሥራ አጋሩ ቬስፐር ግን ከነልብሷ ሻወር ሥር ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ያገኛታል፤ እሱም ከነልብሱ አጠገቧ ይቀመጣል። በቀድሞዎቹ ፊልሞች ሰው ሲሞት ቦንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ያልፍ ነበር። እዚህ የሚቀልድ የለም።

ደም ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ደም የበዛበት የ1989ኙ «ላይሰንስ ቱ ኪል» ቦንድን ኮስታራ የማድረጉን ሥራ አስቀድሞ በጨረሰው ነበር። የ2008ቱ «ኳንተም ኦፍ ሶላስ»ም ቁጣውንና ጥድፊያውን ወረሰ። ስክሪፕቱ ግን በጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት በወጉ ሳያልቅ ቀረጻ ተጀመረ፤ እንደ ሻወሩ ትዕይንት ልብ የሚይዝ ነገር አጣሁበት።

ስለዚህ ከቪልነቭ የምጠብቀው ጨለማ አይደለም፤ ሲመታ የሚያመው፣ ሲገድል የሚከብደው ሰው ነው። እናንተስ? የ2002ቱንና የ2006ቱን አከታትላችሁ እዩና የትኛው ትዕይንት ልባችሁ ውስጥ እንደቀረ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።