የብረት ብዕር

በአዊ ምድር፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ በምትገኘው በጥሊሊ ለሚኖር ሰው ፈረስ የክብር ነገር ነውና፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር የተመልካች ዓይን ከፈረሱ ግርማ ጋር የኮርቻውን፣ የግላሱንና የልጓሙን ጌጥ ሳይመረምር አያልፍም። የእኔ ነገር ግን ስለ ፈረሱ ሳይሆን፣ በልጓም ላይ ለሚውል ትንሽ የነሐስ ዝርግ ወይም ለአንገት መስቀል ሐረግ ለመሳል ስለሚበቃው ስለ መቅረጫው ነው።

የዚህ ጥበበ እድ ጥንታዊነት ኢዮብና ኤርምያስ የብረት ብዕርን ከማንሣታቸው ይታወቃል። በሀገራችንም በ15ኛው ምዕተ ዓመት በመጾር መስቀሎች ላይ የእመቤታችንንና የመላእክትን ሥዕል የቀረጹ ጠቢባን እንደ ነበሩ ሥራቸው ይመሰክራል፤ ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ቤተ መዘክር የጎበኘም የመስቀሎቹን ብዛት አይቶ ይደነቃል።

መዶሻ ብረትን ይገፋል እንጂ አይቀንስም፤ መቅረጫ ግን እንደ ማረሻ ትልም እያወጣ ፍቅፋቂውን ከፊቱ ይጠቀልላል። ተሠርቶ የሚሸጥ መቅረጫ ያላገኘ ሰው አሮጌ ትንሽ ሞረድ ይበቃዋል፤ ሞረድ ከጠንካራ አረብ ብረት የሚሠራ ነውና፣ ጥርሱን በድንጋይ ፍቆ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ካደረገው በኋላ ጫፉን 45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ ያወጣለታል። በሚፋቅበት ጊዜ ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ስለሚጠፋ አዘውትሮ ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። እጀታው እንደ እንጉዳይ ራስ ክብ ሆኖ በመዳፍ ውስጥ ያርፋል፤ ጫፉም ከአውራ ጣት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይለፍ፤ ከዚያ የረዘመ ይንቀጠቀጣል።

ባለ አራት ማዕዘኑ ለቀጭን መስመር፣ ጠፍጣፋው ለሰፊ መስመር ይሆናል፤ ጠፍጣፋውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የሚገፋው ሰው ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ጥርስ ጥርስ ያለው ጌጥ ያገኛል። ለጀማሪ ከነሐስ የሚሻል የለም፤ መዳብ ልስላሴው መቅረጫውን ይይዘዋል። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ ጌጥ ያበጁበት የነበረው ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበትና 28 ግራም የሚመዝነው ማለቴ ነው፣ ለመቅረጽ የተመቸ ቢሆንም ዋጋው ለመለማመጃ አይደለም።

ንድፉ በእርሳስ ከተሣለ በኋላ ዝርጉ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ይቀመጣል። ግፊቱ ከመዳፍ ይመጣል፣ አውራ ጣት ግን ዝርጉን ተደግፎ እንደ ልጓም ይገታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክቡ መስመር ነው፤ መቅረጫውን ያዞራልና። የሚዞረው በግራ እጅ የተያዘው ዝርግ ነው።

ምክሬን የጠየቀኝ ቢኖር ከገንዘቡ አብዛኛውን ለመሳያ ድንጋይ ያውል እለው ነበር፤ የደነዘ ጫፍ ተንሸራቶ ሥራውንም ጣትንም ያበላሻልና። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከያዘ መቅረጽ፣ ከተንሸራተተ ወደ ድንጋዩ መመለስ።