ውኃ የሚያፈስ የመስኖ ፓምፕ፦ ብልሽቱን መለየትና መጠገን

በሐይቅ ከተማ ዙሪያና በአምባሰል ወረዳ በጋውን በመስኖ ለሚያለማ አርሶ አደር የውኃ ፓምፕ መቆም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሥር ያልያዘ የሽንኩርት ወይም የቲማቲም ችግኝ ለጥቂት ቀናት ውኃ ካጣ የወቅቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ሆኖም «ሞተሩ ሞቷል» በተባለ ፓምፕ ላይ የተበላሸው አንዲት ጎማ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ለመግዛት ከመወሰን በፊት መመርመር ይገባል።

በቅድሚያ የሚለየው ፍሳሹ በየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ወደ ማሳው በሚገፋው ወገን ውኃው ግፊት ስላለው፣ ቀዳዳ ካገኘ ወጥቶ በዓይን ይታያል። በሚስበው ወገን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ በኩል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ በመሆኑ ቀዳዳው ውኃ አያወጣም፤ አየር ያስገባል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ ፓምፑ እየቆራረጠ ይገፋል፤ በመውጫውም አረፋ ይታያል። ይህንን የሞተር ድካም አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው።

አየር የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ በመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ በየተራ ውኃ ማፍሰስ ይበቃል። ውኃ ሲፈስበት የፓምፑ አገፋፍ ለጊዜው ከተስተካከለ፣ ፋሼታው የላላው ወይም ጎማው ያለቀው እዚያው ነው። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር የተሞላው ውኃ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በቱቦው ጫፍ ያለውን ፉት ቫልቭ ማየት ያስፈልጋል፤ ደለል ወይም ቅጠል ይዞት አልዘጋ ብሎ ይሆናል።

የአካባቢው ከፍታም መዘንጋት የለበትም። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል፤ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ግን ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚህም ላይ ቱቦውና ቫልቩ ስለሚቀንሱ፣ ፓምፑን ከውኃው ገጽ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ አለመትከል ይመረጣል። ውኃው ሲሸሽ ፓምፑን ወደ ውኃው ማስጠጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን በነዳጅ የሚሠራ ሞተርን በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለበት በጥቂት ደቂቃዎች ሰው ይገድላል።

ከፓምፑና ከሞተሩ መካከል፣ ከሥር በኩል ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ያለቀው ሜካኒካል ሲሉ ነው። ሲል እርስ በርስ እየተፋተጉ ውኃ የሚያግዱ ሁለት ለስላሳ ገጾች አሉት፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ያው የሚሳበው ውኃ ነው። በመሆኑም ፓምፑ ሳይሞላ ቢነሣ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ገጾቹ ይቃጠላሉ። አሸዋማ ውኃም ይፍቃቸዋል።

ለመቀየር ሞተሩ ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም ይጠበቃል። የቤንዚን ከሆነ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል። ውኃው ከወጣና የፓምፑ ሽፋን ከተፈታ በኋላ ኢምፔለሩ ይወጣል፤ ሲሉ ከጀርባው ይገኛል። አንደኛውን ወገን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የአዲሱን ሲል ገጾች በጣት ወይም በግራሶ አለመንካት፣ ሻፍቱንም ከዝገት ማጽዳት ያስፈልጋል። ሻፍቱ በእጅ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ስላለቀ አዲሱም ሲል አይቆይም። ጋስኬቱ ታድሶ ብሎኖቹ በሰያፍ በየተራ ይጠብቃሉ፤ ፓምፑም ውኃ ከተሞላ በኋላ ብቻ ይነሣል።

የሚፈሰው ዘይት ወይም ነዳጅ ከሆነ ሥራው ወዲያውኑ መቆም አለበት። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ውኃ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው፣ የገባበት ዘይት ተጠርጎ አይሄድለትም። ሞተሩን ከዳርቻው ራቅ አድርጎ ከሥሩ መቀበያ ሳሕን ማድረግ ይገባል።

መለዋወጫ ለመግዛት ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ለማማከር ሲኬድ አሮጌውን ሲል፣ የፓምፑን ሞዴልና የአፉን ስፋት (2 ወይም 3 ኢንች) መያዝ ይጠቅማል፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሲሎች በሻፍት ውፍረት ይለያያሉ።