«የሰባት ቀኑን ብቻ ስጠኝ»

መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ከፊቴ የቆሙት እናት ዋጋውን ሲሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብሩን ሁለቴ ቆጠሩት። «የሰባት ቀኑን ብቻ ስጠኝ ልጄ፤ ሌላውን ሲሞላልኝ እመጣለሁ።» ባለሙያው «እማማ፣ አሥራ አራቱን ቀን ካልጨረሱት አይጠፋም» ቢላቸውም ሰባቱን ይዘው ወጡ። ነገሩ ከነከነኝና ተከተልኳቸው።

«ሦስተኛዬ ነው» አሉኝ። «ደም ሰጠሁ፣ ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩ፣ ዋጥኩ። ዓመት ቆይቶ ሌላ ክሊኒክ ደም ሰጠሁ፣ አሁንም አለብሽ። ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው እንዴ?»

የደም ምርመራው የሚያገኘው ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ራሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ጠፍቶም ይኼ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። መዳንን የሚለየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከአራት ሳምንት፣ የአሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ይህን ለእኚህ እናት የነገራቸው የለም። ለምን የደም ምርመራው እንደቀጠለ አንድ የጤና ኃላፊ ጠይቄ «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ ግን አልመጣም።

ባክቴሪያው የተገኘበት ታሪክ ራሱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከጨጓራ ናሙና ሊያበቅሉት ሞክረው ሞክረው አልሆነላቸውም። የማብቀያ ሳህኖቹ በሁለት ቀን ይጣሉ ነበር። በፈረንጆች ፋሲካ ሳቢያ አምስት ቀን የቆዩት ሲታዩ ግን በቅሏል። የሚያምን ጠፋ፤ አሲድ ውስጥ ምን ሕይወት ይኖራል ተባለ። ባክቴሪያው ግን ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል። ማርሻል በ1984 ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ በ2007 የወጣው የዘረመል ጥናት ነው፤ ባክቴሪያው ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል ይላል። ከእኛው ሰፈር የተነሳ የጥንት አብሮ አደግ ማለት ነው።

የሚይዘን አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ነው፤ ከቤተሰብ፣ ባልታጠበ እጅ፣ በተበከለ ውኃ፣ እህል አኝኮ ለሕፃን በማጉረስም ጭምር። ብዙው ሰው ሳያመው ይኖራል። ሌላው ጨጓራው ወይም ትንሹ አንጀቱ ይቆስላል፤ ብረት የሚያንሰው፣ የሚገረጣም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በ2017 ደግሞ ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የለመደው ዝርያ አዲስ መድኃኒት በአፋጣኝ ከሚያስፈልጋቸው ተርታ ገባ። ለመላመዱ አንዱ በር በግማሽ የተቋረጠ ሕክምና ነው።

እናቲቱን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ላስቲኩን ከፍተው እንክብሎቹን ቆጠሩ። «በአንዴማ አልጨርሰውም ልጄ» አሉኝ፤ «ሲነሳብኝ ሲነሳብኝ አንድ አንድ እያልኩ አብቃቃዋለሁ።»