የጣና ዳር ረግረግ፦ ከቤተሰብ ጋር የሚራመዱበት፣ ስለ ራስ ቀበሌ የሚማሩበት መሬት

አዴት፦ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለገበሬው ቤተሰብ ትንሽ ፋታ የሚገኝባቸው ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሰርግ ይበላል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ ገበያ ይወጣል። ከአዴት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ባሕር ዳርም በሕክምና፣ በፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም በንግድ ምክንያት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ፈጽሞ ከመመለሱ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የጣናን ዳር ረግረግ በእግሩ የሚያይ ጥቂት ነው። ይህ የእግር ጉዞ የከተሜ መዝናኛ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለ ወል መሬት ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ሊያዩት የሚገባ ትምህርት ያለበት ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። የውኃው ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በውስጡ 37 ደሴቶች አሉ። ሐይቁና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሆኖ ተመዝግቧል። የቀጠናው ስፋት ወደ 696 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። አከላለሉ ሰውን አስወጥቶ በአጥር የሚዘጋ አይደለም። ፈጽሞ የማይነካ ዋና ክፍል፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት የዙሪያ ክፍልና ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት የልማት ክፍል ተብሎ በሦስት የተመደበ ነው።

ረግረጉ የሚሠራው ሥራ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሲኬድ የኢንፍራንዝና የይጋንዳ ረግረጎች ይገኛሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ደንገልና ፊላ የበቀለበት፣ በሬ የማይጠመድበት ሥራ ፈት መሬት ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከደጋ እየደፈረሰ የሚወርደው ጎርፍ ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፣ ጠርቶ ወደ ሐይቁ ይዘልቃል። ረግረጉ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። በዚያው በኢንፍራንዝ አካባቢ ያሉት አረቄና ሎሚ የተባሉት ምንጮች ለባሕር ዳር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው።

ዓሣም ያለ ረግረግ አይበዛም። አምባዛ በክረምት ውኃ ወደ ተኛበት ሜዳ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎች በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩ ሲሆን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ደለል ያልሸፈነው ጠጠር ይፈልጋሉ። የሐይቁ ዳር ሰው ከደንገሉ ታንኳ ይሠራል፣ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ያበላል፣ ለቤት ክዳንም ይጠቀምበታል።

ከልጆች ጋር ለሚራመድ

ለዚህ ጉዞ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። በክረምት ጭቃው አያስኬድም። በበጋው ወራት ከአውሮፓ የሚመጡት ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች በሺህ እየሆኑ በሐይቁ ዙሪያ ይሰፍራሉ። በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁር ወፍም በረግረጉ ይታያል። ወፍ ማየት የፈለገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ቢጀምርና ፀሐይ ሳትበረታ፣ 4 ሰዓት አካባቢ ቢያበቃ ይሻላል። የጉዞው ርዝመት መለካት ያለበት በትንሹ ልጅ እግር ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ፣ በየመሐሉ እየተቀመጡ፣ ለአንድ ጠዋት ይበቃል። ጡት ያልጣለው በአንቀልባ ይታዘላል፤ ቆሎ፣ ዳቦና የተፈላ ውኃ መያዝ አይረሳም።

ዘጌ ለቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ ትመቻለች። ከጀልባ ወርዶ በቡና ጥላ ሥር በሚያልፈው የእግር መንገድ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደረሳል። ይህ ገዳም ሴቶችም የሚገቡበት ነው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ባሉት ደሴቶች ግን ሴቶች ስለማይገቡ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሦስት ጥንቃቄዎች የግድ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ልጆች በዳር ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ እንዳይዋኙና እንዳይቦራጨቁ መከልከል ነው፤ ምክንያቱም በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ያለ በሽታ ነው። ሁለተኛው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ በምሽትና ገና ሳይነጋ በውኃ ዳር አለመሄድና በጉማሬና በውኃው መካከል ፈጽሞ አለመቆም ነው። ሦስተኛው፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ማጣራት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ከሩቅ የሚመጣው ጎብኚ እጅግ ቀንሷል፤ የጀልባ ነጂውና የአስጎብኚው ገቢም አብሮ ወድቋል። ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው መንገዱ አስተማማኝ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነሣም።

ከደጋው የሚወርደው

የሐይቁ ጉዳይ የሐይቅ ዳር ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጣና ገባሮች ትልቁ ግልገል ዓባይ መነሻው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። የጎጃም ደጋ ማሳ ያለ እርከን ሲታረስ የሚታጠበው አፈር መድረሻው ይኸው ሐይቅ ነው። ከአፈሩ ጋርም ማዳበሪያ ይታጠባል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚፋፋው በዚህ ምግብ ነው። አረሙ ይበልጥ የበረታው በደምቢያና በፎገራ በኩል ባለው ዳርቻ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ተጠርቶ ብዙ ሕዝብ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ይሁንና ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይና የሚመገበው ደለልም በየክረምቱ ስለሚወርድ ነቀላው ብቻውን አልጨረሰውም። ደጋው ላይ አፈሩ ካልተያዘ ቆላው ላይ ያለው ገበሬ በየዓመቱ ሲነቅል ይኖራል።

መሬት የሌለው ወጣት ጥያቄ

እዚህ ላይ ለገበሬ ማኅበር መሪ የሚከብደው ጥያቄ ይነሣል። ጎጆ የወጣ፣ መሬት ግን ያልደረሰው ወጣት ረግረጉን አይቶ፣ «ይህ ባዶ መሬት ይከፈልልን» ይላል። ጥያቄው የድህነት ጥያቄ ነውና በግልምጫ አይመለስም። በብዙ ቦታ ረግረግ ተጠንፍፎ ታርሷል፣ ባሕር ዛፍና ጫት ተተክሎበታል። ለጥቂት ዓመታት ያበላል። ከዚያ ምንጩ ይርቃል፣ የበጋ ሣሩ ይጠፋል፤ ከብት ያለው ሰው በሚያዝያ ወዴት እንደሚነዳ ይቸግረዋል። አንድ ወጣት ያገኘው ቁራሽ መሬት ለመንደሩ ሁሉ የውኃ እጦት ይሆናል።

ለዚህ ከአገራችን ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ተከለለ። በስም ፓርክ ቢሆንም ወደ አብያታ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ስለተጠለፈና ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ስለተሳበ ሐይቁ ሸሽቷል፣ ዓሣውም ጠፍቷል። ሁለተኛው ዘጌ ነው። በአካባቢው ትውፊት የዘጌ ሰው ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ኪዳን የተቀበሉት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ሕዝቡ በሬ ሳይጠምድ፣ ከዛፍ ሥር ቡና እየለቀመ ደኑን ለዘመናት አቆይቷል። ከሁለቱ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ መሬትን የሚጠብቀው የወረቀት ስም ሳይሆን ነዋሪው አምኖበት የሚያከብረው ደንብ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በየቀበሌው ጨፌና ረግረግ አለ። መሪዎች ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ይህን መሬት በእግር ዞረው ወሰኑን ቢያስታውቁ፣ ምንጮቹን ቢቆጥሩ፣ በየትኛው ወር ሣሩ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ በመተዳደሪያ ደንብ ቢያስወስኑ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ደግሞ የታጨደውን ሣር መሸጥ፣ በረግረጉ ዳር ቀፎ ሰቅሎ ንብ ማርባትና የተፋሰሱን ችግኝ ማፍላት ቅድሚያ ቢሰጣቸው ደንቡን የሚያፈርሱ ሳይሆኑ የሚጠብቁ ይሆናሉ። ከረግረጉ በላይ ባለው ተዳፋት እርከን ካልተሠራ ግን ደንቡ ብቻውን ጨፌውን ከደለል አያድነውም።

ከዚህም ጋር በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ ጥቂት ቤተሰቦች ከቀበሌው ተመርጠው፣ ሰላም ሲሆን፣ ጣና ዳር ደርሰው ቢመለሱ ወጪው የአንድ መኪና ኪራይና የስንቅ ነው። ሩቅ ላለ ቀበሌም የራሱ ጨፌ ለአንድ ጠዋት የልጆች ጉዞ ይበቃል። አባትና እናት ስብሰባ ላይ የሰሙትን ሊረሱ ይችላሉ። ጥርት ያለ ውኃ ከደንገል መሐል ሲወጣ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን ነገ ያ ጨፌ ይታረስ ሲባል የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል። ያን መሬት የሚረከበውም እርሱ ነው።