ተጨማሪ መረጃ፦ ዝሆኔ እና የቤተሰብ ጂን
በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርሰው ሁሉ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው የዝሆኔ ዓይነት አይያዝም። የታማሚ ወንድም ወይም እህት ግን በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ተጋላጭነቱን በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ካሉት የኤችኤልኤ ጂኖች ጋር አገናኝቶታል፤ እነዚህ ጂኖች የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን እንዲለይ ያግዛሉ። በእያንዳንዱ የሰውነት ህዋስ ኒውክለስ ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉ፤ ከየጥንዱ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ነው። የዘር ህዋሳት ሲፈጠሩ ጥንዶቹ ስለሚለያዩ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆችም የተለያየ ጂን ይወርሳሉ። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ልጅ በሽታውን መከላከል ይችላል።