የጎሚስታ ነገር

ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ የተመደበ ወጣት ሹም በመጀመሪያው ወር የሚያስፈልገውን ሰው ሁሉ ፈልጎ ያገኛል። ቤት አከራዩን፥ ልብስ ሰፊውን፥ ዓሣ አሳምሮ የሚጠብሰውን ሳይቀር ያውቃል። ጎሚስታውን ግን ጎማው እስኪተነፍስበት ድረስ አያስበውም። ያን ጊዜ ደግሞ ምርጫ የለም፤ ሴቻም ይሁን ሲቀላ፥ በመጀመሪያ የኮምፕረሰር ድምፅ ከሰማበት ደጃፍ ይቆማል። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበረና ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ወደድን።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ጎማ ለማስገባት ከአንድ ቤት ደረስን። ልጁ ፈጣን ነበረ፤ ፍጥነቱም ደስ አሰኘን። ሳሙና ሳያስነካ ሁለት ሌቫ በጎማውና በቸርኬው መካከል ሰክቶ በመዶሻ ይመታ ጀመር። አልሙኒየሙ ሲጮኽ ጠየቅነው፤ «የተለመደ ነው» አለን። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከፍለን ወጣን። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጨንቻ ለመውጣት ስንነሣ ጎማው ነፋሱን ግማሽ ያህል አፍስሶ ተኝቶ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ አብዛኛው ካላማዳሪ የለውም። ነፋሱን የሚያግደው የጎማው ከንፈር በቸርኬው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ መቀመጡ ብቻ ነው። በዚያ ጠርዝ ላይ ሌቫ የጫረው አንድ መስመር ቢኖር ነፋሱ በዚያው መስመር ቀስ እያለ ይወጣል፤ አዲስ ጎማ መግዛትም አያድነውም። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ እስከ 2,700 ሜትር ግድም ይወጣል፤ ሲመለስ ያንኑ ሁሉ ጠመዝማዛ ቍልቍለት መውረድ አለበት። ነፋሱ የጐደለ ጎማ ጐኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በመታጠፊያም ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። (ለተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር፤ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ የጎማው መለኪያ 2 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ሊያሳይ ይገባው ነበረ። የጨንቻ ብርድ ግን መልሶ ያወርደዋል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ከመነሣት በፊት ጎማው ሳይሞቅ ነው።)

የምንመራበት ሰው የሆነልን አንድ የጎብኚዎች መኪና ሾፌር ነው። እነዚህ ሰዎች ከዶርዜ ወርደው ወደ ኮንሶና ወደ ጂንካ ስለሚቀጥሉ፥ የተበላሸ ሥራ በረሓ ላይ ያስቀራቸዋል፤ ስለዚህ ማንን እንደሚያምኑ አስቀድመው ለይተዋል። ትርፍ ጎማውን አስረን እርሱ ወደ ጠቆመን ወደ ሲቀላ ወረድን።

ሽማግሌው ጎሚስታ ቸርኬውን በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰና «ይኸን የመታው ማነው?» አለን። መልሳችንን ግን አልጠበቀም። የነፋሱን ቫልቭ ፈትቶ አንድም ሳይቀር አስተነፈሰው። የሳሙና ውኃ ቀባ። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቈረጠ ቍራጭ ከሌቫው በታች አነጠፈ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን በጥንቃቄ ተመለከትን፤ በአንድ ወገን ጎማውን በጕልበቱ ተጭኖ ከንፈሩን ወደ ቸርኬው መካከል አወረደው። ቸርኬ መካከሉ ጐድጓዳ ነው፤ ይኸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከንፈሩ በአንድ ወገን ወደዚያ ሲወርድ በሌላው ወገን ይላላል፤ ያን ጊዜ ሌቫው ያለ ትግል ያነሣዋል። መዶሻ የሚያነሣው ይህን ያልተማረ ሰው ነው። ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፥ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፥ ሁለተኛ ሳሙና ቀብቶ መለሰው። ነፋስ ሲሞላም ዓይኑ ከመለኪያው አልተነሣም። ከንፈሩ እስከ 40 ፒኤስአይ ድረስ በቦታው ካልገባ አስተንፍሶ እንደ ገና መቀባት እንጂ ነፋስ መጨመር እንደማይገባ የጎማ ሠሪዎች ያስጠነቅቃሉ፤ እርሱ ግን እዚያም አልደረሰ፤ ከዚያ በታች «ጧ! ጧ!» ብሎ ገባለት።

ጎሚስታ፥ ክሪክ፥ ካላማዳሪ፥ ቸርኬ፤ ይህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ነው። ስሙ በአፍ ተቀብሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሙያውም አብሮ ተላለፈ፤ የጥንቃቄው ክፍል ግን በየቦታው እኩል የደረሰ አይመስለንም።

ይህን ያልንበት ምክንያት በዚያው ግቢ ማዶ ያየነው ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙት የጭነት መኪናዎች አንዳንዶቹ በብረት ቀለበት የሚያያዝ ቸርኬ አላቸው። ቀለበቱ በሚገባ ሳይቀመጥ ነፋስ ከተሞላ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል። በአሜሪካ ይህ ዐይነት ቸርኬ በብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ በ1980 በአውሮፓ አቈጣጠር ደንብ የወጣው ብዙ ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ነው። ሽማግሌው ከወፍራም ብረት ያስበየደው ቀፎ አለው፤ የነፋሱ ጎማ ቱቦም ረጅም ነው፤ ረዳቱ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። በሌላ ቦታ ግን ልጆች ከጎማው ላይ ተቀምጠው ሲሞሉ አይተናል። ለገዛ ደረቱ ያልፈራ ጎሚስታ ለሰው ቸርኬ ይሣሣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ መኪናችን ትንሽ ብትሆንም፥ ዛሬ ከማናውቀው ቤት ስንገባ በመጀመሪያ የምንፈልገው ያን ቀፎ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የጎሚስታዎቹ አይደለም። መኪናውን አቁመን ሰዓት የምናየው፥ በዋጋ የምንከራከረው፥ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ከመቀመጫችን የማንወርደው እኛ ነን። ሽማግሌው ለአንድ ጎማ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ዋጋውም ከፊተኛው ከፍ ያለ ነበረ።

ብሎኖቹን በመስቀልኛ እያፈራረቀ ካጠበቀ በኋላ፥ ጨንቻ ደርሰን ስንመለስ ብቅ እንድንል አዘዘን። ሰኞ ማለዳ ሄድን። ቁልፉን በየብሎኑ አዞረ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። ገንዘብ ስናወጣ «ይኸ የቅዳሜው አይደለም፤ የትናንቱ ሥራ ነው» ብሎ ወደ ቀፎው ተመለሰ።